የጥቁሩ ቀለም እርሾ

ፔዳና፣ በሻካ ዘመን ሺህ ስድስት መቶ ዘጠኝ፣ ፕራባቫ በተባለው ዓመት፣ የቻይትራ ወር በገባ በሦስተኛው ቀን

ለወንድሜ ለቲማና፣ ጎልኮንዳን በከበበው ሠራዊት ሰፈር ድንኳን ለሚሰፋው፤

እንደምን ከረምክ? መርፌህ አይዛግ፣ ወገብህ አይጉበጥ። እኔ ደህና ነኝ። በላክኸው ደብዳቤ ሦስት ጊዜ «ደህና ነሽ ወይ?» ብለሃል፤ ሦስቱንም በአንድ መልስ ተቀበለኝ።

ከትናንት በስቲያ አዲስ ዓመት ገባ። እንደ ወጉ ስድስቱን ጣዕም በአንድ ሳህን ደባለቅሁ፤ የኒም አበባ፣ የዘንባባ ስኳር፣ ሁመር፣ ጥሬ ማንጎ፣ ጨውና በርበሬ። ዓመቱ የሚያመጣውን መራራውንም ጣፋጩንም አንድ ላይ መዋጥ ነው ትርጉሙ። እኔ ግን ዘንድሮ የኒሙን አበባ ለብቻው እየለቀምኩ በላሁና የቀረውን ለጎረቤት ሰጠሁ። «ምነው ኮንዳማ፣ ምሬት አነሰሽ እንዴ?» አለችኝ። «ገና አልጠገብኩም» አልኳት።

ከዚያ በቤተ መቅደሱ ደጃፍ ተሰብስበን የዓመቱን ዕጣ ሰማን። ሽማግሌው መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠረገና ስድሳዎቹ የዓመት ስሞች ዞረው አልቀው እንደገና ከአንድ መጀመራቸውን ነገረን። «ዝናቡ ከልክ ያልፋል። የነገሥታት ቤት ይፈርሳል። በሽታ ከባሕር በኩል ይመጣል። ጥቁር ነገር ይበረክታል» አለ። ጥቁር ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ፤ በመንደሩ ጥቁሩን ቀለም የምጠነስሰው እኔ ነኝና። እኔም አንገቴን አልደፋሁም።

አሁን «ቤጉን ይቅር ልትዪው አትችዪም ወይ?» ወዳልከኝ ልምጣ። ይቅር ልል አልችልም። ባሌን ቪራናን ጦር ቢገድለው፣ በሽታ ቢገድለው፣ ዕድሉ ነው ብዬ በተቀመጥኩ። የገደለው ሽታ ነው። ጨርቁን በጎሽ ወተት የምንነክረው ቀለሙ እንዳይፈስ መሆኑን፣ ሽታውንም የመጨረሻው እጥበት እንደሚያወጣው አንተም ታውቃለህ፤ በዚሁ ቤት ነው ያደግከው። የሱልጣኑ ሹም የነበረው ኢማም ቁሊ ቤግ ግን ያሠራውን ድንኳን አጣድፎ አስወሰደ። ዝናብ ሲነካው በእንግዶቹ መሐል ወተት ወተት ሸተተበት። ለዚህ ብሎ ቪራናን ዐምና በቫይሻካ ወር ሐሩር ፀሐይ፣ በጉምሩኩ በር ላይ፣ ጀርባው ላይ ድንጋይ ጭኖ ሦስት ቀን አቆመው። እኔ ውሃ ይዤ ከዘበኞቹ ወዲህ ሦስት ቀን ቆምኩ። ውሃው እዚያው ማሰሮው ውስጥ ሞቀ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አሁን ደግሞ ሱልጣኑን ከድቶ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት መግባቱን፣ ካንተ ሰፈር በሁለት ጥሪ ርቀት መስፈሩን ነገርከኝ። አወቀህ ወይ? ከስቷል ወይስ ወፍሯል? ያየሁት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው፣ ነገር ግን የጢሙን ጫፍ እንኳ አልረሳሁትም፤ በግራ በኩል ትንሽ ይጠመዘዛል። ሁሉን ጻፍልኝ፣ አታሳጥርብኝ።

እህትህ ኮንዳማ

•

ከጎልኮንዳ አምባ ሥር፣ የቻይትራ ወር ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው

ለእትዬ ኮንዳማ፤

እግርሽን ነክቼ እጀምራለሁ። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅር በይኝ። ደብዳቤ አመላላሹ ሯጭ ታሞ ነው ልልሽ አስቤ ነበር፤ ሯጩ እንደ ፍየል ጤነኛ ነው። እኔ ነኝ ሦስት ጊዜ ጽፌ የቀደድኩት።

ስለ መልኩ ጠየቅሽኝ። ወፍሯል። ጢሙ ዛሬም ወደ ግራ ይጠመዘዛል። እኔን አላወቀኝም፤ እንዴትስ ያውቀኛል? ለእሱ ድንኳን ሰፊ ማለት መርፌ የያዘ እጅ ነው፤ ፊት የለውም።

የሰፈሩን ነገር ብዙ አልልሽም። እኛ ታች ሆነን ወደ ላይ እንተኩሳለን፣ እነሱ ላይ ሆነው ወደ ታች ይሥቃሉ። ሩዝ የሚያመጡልን የበሬ ሲራራዎች በየመንገዱ ይዘረፋሉ። አንድ ዝሆን ትናንት የድንኳን ገመድ ሲያኝክ አገኘነው። አለቃችን «ተዉት፣ እኛም በሳምንቱ እዚያው ነን» አለ።

እንግዲህ የፈራሁትን ልንገርሽ። ቤጉ አዲስ ማዕረግ አገኘ፤ ለማዕረጉም የሚመጥን ድንኳን አማረው። ገበሩ በእጅ የተሳለ እንዲሆን ፈለገ፤ ዛፍ፣ ወፍ፣ አበባ። ሰፊዎቹን ሰብስቦ «በዚህ አገር ጥሩ ጨርቅ የሚስል ማን አለ?» አለ። ሁሉም ባንድ አፍ «ፔዳና» አሉ። «ፔዳና ማን?» አለ። እኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምን እንደ ያዘኝ አላውቅም፤ «አንዲት መበለት አለች» አልኩ።

«ጥሩ፤ ብቻ እንደ ዐምናው የጎሽ ወተት እንዳይሸት በሏት» አለና ሣቀ። አጠገቡ ያሉት ሣቁ። እትዬ፣ እኔም ሣቅሁ። ይህን ባልጽፍልሽ ይቀል ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብዬ ነው።

እምቢ ብትዪ የሚያስገድድሽ የለም፤ ለሌላ ቤት ይሰጣል። እሺ ካልሽ ደግሞ አንድ ነገር ልለምንሽ። ጨርቁ ጨርቅ ብቻ ይሁን። የምሰፋው እኔ ነኝ።

ታናሽሽ ቲማና

•

ፔዳና፣ ቫይሻካ፣ ቪራና ከሞተ ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው

ለወንድሜ ለቲማና፤

ሣቅህን አልተቀየምኩም። እኔም ዛሬ ደብዳቤህን እስከ መጨረሻው ካነበብኩ በኋላ ሣቅሁ፤ ጎረቤቴ ምን አገኘሽ ብላ ብቅ አለች።

እሺ ብያለሁ። በላቸው። ልኩን ላክልኝ፤ ምሰሶው የሚገባበትን ቀዳዳ አትርሳ። ከዐለት ላይ የበቀለ አንድ ትልቅ ዛፍ እስላለሁ፤ ግንዱ ከታች፣ ቅርንጫፎቹ በጣሪያው ላይ ሁሉ። ግንዱም ቅርንጫፉም በጥቁር ነው የሚሆነው። አበባው ቀይ፣ ወፉ ሰማያዊ ሆኖ ሁሉንም የሚይዛቸው ጥቁሩ ነው። የአራት ቤት ሴቶች ይረዱኛል፤ እነሱ ቀዩን ይሠራሉ፣ ጥቁሩን የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ።

ጥቁሩ እንዴት እንደሚጠነሰስ ረስተህ ይሆናል፤ ብርዕ አልሆንልህ ብሎ መርፌ ከያዝክ ቆየህ። የዛገ ብረት፣ የዘንባባ ስኳር፣ ውሃ፤ ከዚያ ከአሮጌው ማሰሮ አንድ ጽዋ እርሾ። አባታችን ከአባቱ፣ አያታችንም ከአባቱ የወረሰው ያው እርሾ ነው፤ በዚህ ቤት የተሠመረ መስመር ሁሉ ከእሱ የወጣ ነው። ለቤጉ ጨርቅ ግን ማሰሮውን ለብቻው አደረግሁ። ትልቅ ሰው ነው፤ የራሱ ማሰሮ ይገባዋል።

ወተቱን ደግሞ በሰባት ውሃ አጥባለሁ። የጎሽ ወተት አይሸትበትም። ለዚህ በቪራና ስም እምልልሃለሁ።

ይህ ሲያልቅ ስለት የገባሁትን የቤተ መቅደስ ጨርቅ እጀምራለሁ። አምላክን በወንዙ ላይ የሚያሻግረው ቀዛፊ የቪራናን ፊት ይይዛል። ካህኑ ቢቆጣ ይቆጣ፤ ባሌ ሥዕል ላይ እንኳ ውሃ አጠገብ ይቁም።

አንድ ነገር መልስልኝ። ድንኳኑ ሲተከል አንተ የምትቆመው ከውስጥ ነው ከውጭ? ለምን እንደምጠይቅህ አትጠይቀኝ።

እህትህ ኮንዳማ

•

ከጎልኮንዳ አምባ ሥር፣ ሽራቫና፣ ዝናቡ ባላቆመበት በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ለእትዬ ኮንዳማ፤

ጨርቁ ደረሰ። በሬዎቹ ሁለት ጊዜ ጎርፍ ውስጥ ገብተው ነበር አሉ፤ እንደ ታቀፈ ሕፃን በሰም ጨርቅ ጠቅልለሽው ስለ ነበር አንድ ጠብታ አልነካውም። ስዘረጋው ሰፊዎቹ ሁሉ መርፌያቸውን አስቀመጡ። አንዱ ሽማግሌ «ይህን የሳለችው ሴት ወይ በጣም ወድዳለች ወይ በጣም ጠልታለች» አለ። ሁለቱንም ነው አላልኩትም።

በላክሽልኝ ሁለት ደብዳቤ ውስጥ የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ በሕይወት አለ። ባለፈው ወር ከግንቡ ሥር የቀበሩት ባሩድ ወደኛው ሰዎች ዞሮ ፈንድቶ ስንቱን ፈጀ። ቤጉ እንደ ልማዱ ከኋላ ነበር። ለምን እዚያ አልቀረም ብለሽ አትዘኚ፤ አፈር የበላቸው የሰው ልጆች ናቸው። ወንዙ ሞልቶ እህል አይገባም። ድመት በሰፈራችን ብርቅ ሆኗል።

የምቆመውም ከውስጥ ነው፤ ምሰሶውን የምይዘው እኔ ነኝ። ግን ድንኳኑ አሁን አይተከልም። ቤጉ ጨርቁን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። ለራሱ ከሚያደርገው አምባው ከወደቀ በኋላ ለታላቁ አዛዥ ሊያበረክተው ነው፤ በዚያ ስጦታ አንድ እርከን ከፍ እላለሁ ይላል። እኔንም ዋስ አደረገኝ። በአለቃዬ ፊት እጄን ቀለም አስነክሮ ወረቀት ላይ አሳረፈና «አንድ ክር ቢበጠስ ድንጋዩ ባንተ ጀርባ ላይ ነው» አለኝ፤ እየሣቀ። ተዋስኩ። እጅሽን አውቃለሁ፤ ምን እፈራለሁ?

ብቻ ጥቁሩ ሻከር ይላል። ጣቴን ሳሳልፍበት እንደ ዝገት ነው። ዝናቡ ይሆናል።

ታናሽሽ ቲማና

•

ፔዳና፣ ባድራፓዳ በገባ በሁለተኛው ቀን

ለወንድሜ ለቲማና፤

ስምህን በቀይ የጻፍኩት ሯጩ አጣዳፊ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። በሽታው ወደባችን ማሱሊፓታም ገብቷል፤ ሆላንዶቹ መጋዘናቸውን ዘግተው ወረቀት ጠፋ። በጨርቅ ቁራጭ ላይ እጽፍልሃለሁ፤ ስለ ጽሑፌ መጣመም ይቅርታ።

አትስፋው። ከሰፋኸውም ትተኸው ሽሽ። በጥቁሩ ውስጥ ቆዳ ፋቂዎች የሚጠቀሙበትን አረንጓዴ ጨው ጨምሬበታለሁ፤ የሚበቃውን ሦስት እጥፍ። ቀለሙ ክሩን ይበላል። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይፈጥናል፤ አንዱን ዝናብ ቢችል ሁለተኛውን አይችልም። በራሱ ድንኳን፣ በእንግዶቹ ፊት፣ ዛፉ በሙሉ በራሱ ላይ እንዲረግፍበት ነበር ሐሳቤ። እሱ ያቃለለን በእንግዶቹ ፊት አይደል? አንተን ዋስ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም። ጨርቅ ብቻ ይሁን ብለህ ለምነኸኝ ነበር፣ አልሰማሁህም።

የቤጉን ማሰሮ ሰብሬ ጉድጓድ ከትቼዋለሁ። አዲስ ጠንስሼ የቤተ መቅደሱን ጨርቅ ጨርሻለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልህ በአዲሱ ነው። ቤጉን ትቼዋለሁ። በቀሉም ይቅር። አንተ ብቻ ና።

እህትህ ኮንዳማ

•

ከጎልኮንዳ፣ ከአምባው ውጭ፣ ባድራፓዳ ሊያልቅ ሲል

ለእትዬ ኮንዳማ፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከላይ በቀይ «ለወንድሜ ለቲማና» ይላል። ከዚያ በታች ወንፊት ነው።

አልቀለድኩም። ደብዳቤሽ የተከተተበት ቀርከሃ ዝናብ ገብቶበት ነበር። ጨርቁን ስስበው ጥቁሩ እንደ አመድ ረገፈ። ፊደላችን ደግሞ ክብ ክብ ነው፤ ዙሪያው ሲበላ መሐሉም አብሮ ወደቀ። አንዲት ቃል አልተረፈችም። ሯጩ ወደ ሰማይ ዘርግቶ አየበትና «እህትህ መንፊያ ልካልሃለች፤ ዱቄቱንም ብትልክ ምን ነበረበት?» አለኝ። የተራበ ሰው ቀልድ ነው፤ ሁላችንም ሣቅን።

ምን እንደ ጻፍሽ አላነበብኩም፤ ምን እንዳደረግሽ ግን ገባኝ። ሄጄ የዛፉን ግንድ በጥፍሬ ጫን አልኩት። ጥፍሬ ወደ ውስጥ ገባ።

ልሸሽ እችል ነበር። ሸማዬን ጠቅልዬም ነበር። ያልሸሸሁበትን ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ስነግርሽ ታገኚዋለሽ። ዐምና ያንን የመጨረሻ እጥበት ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ቪራና «አንድ ቀን ስጡኝ፣ ወንዝ ወስጄ ላጥበው» ብሎ ነበር። የቤጉ ሰዎች በር ላይ ቆመው ያጣድፉኛል፤ እኔ «ተወው፣ ነፋስ ያወጣዋል» አልኩት። ወንድሜ ነህ ብሎ አመነኝ። ድንጋዩን ሲጭኑበት ስሜን አልጠራም። እኔ ከሕዝቡ መሐል ቆሜ ነበር፣ እኔም አልጠራሁም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይህን በደብዳቤ መለመን ያሳፍራል።

ስለዚህ ሰፋሁት። ክር የሚያልፍበትን ቦታ ሁሉ ከቀዩ ላይ መረጥኩ፤ እስኪተከል ድረስ እንዲችል። ከዚያ ቤጉ ዘንድ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ለእንዲህ ያለ ስጦታ የአንድ ሰፊ ዋስትና ምን ክብር ይሆናል? ታላቁ አዛዥ ‹ማን ሠራው?› ሲሉ ‹አንዲት የፔዳና መበለት› ሊሏቸው ነው?» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለ።

«‹የገዛ ቤቴ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱን መስመር ቆሜ አሠራሁት› ይበሉ። ማን ያውቃል?»

ጢሙን በግራ በኩል ጠመዘዘ። ሣጥኑን አስከፍቶ እጄ ያለበትን ወረቀት አወጣና በፊቴ ቀደደው። «አንተስ ሰፊ ብቻ አይደለህም፤ ጭንቅላት አለህ» አለኝ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እኔ ነበርኩ፣ እሱ አላወቀም።

አምባው ከትናንት በስቲያ ወደቀ። ስምንት ወር የተተኮሰው መድፍ አልጣለውም፤ አንድ ሰው ከውስጥ በር ከፈተ። ያ ሽማግሌ የነገሥታት ቤት ይፈርሳል ብሎ አልነበር? ውስጥ ስለሚደረገው አልጽፍልሽም። ድንኳኑ የሚተከለው ካርቲካ ሲገባ ነው።

ታናሽሽ ቲማና

•

ከጎልኮንዳ፣ ካርቲካ በገባ በስምንተኛው ቀን

ለእትዬ ኮንዳማ፤

ካንቺ መልስ አልመጣም። ታመሽ ነው ብዬ ሯጮቹን ጠየቅሁ፤ «ደህና ናት፣ በሯን ግን ዘግታለች» አሉኝ። ይገባኛል። ቢሆንም የዚህ ነገር ባለቤት አንቺ ነሽና እጽፋለሁ።

ሆነ።

ድንኳኑ ተተከለ፤ እኔ ምሰሶ ይዤ ቆምኩ። ገበሩ ተወጠረ፤ ያዘ። ታላቁ አዛዥ ገብቶ ተቀመጠና ቀና ብሎ ዛፉን ሲያይ አፉ ተከፈተ። «ማን ሠራው?» አለ። ቤጉ ደረቱን ነፍቶ ያስተማርኩትን አንድ ቃል ሳይጥል ተናገረ። ሃያ ሰው ሰማ። ከዚያ ምግብ ቀረበ፣ ነፋስም መጣ።

መጀመሪያ አንዲት ቀይ አበባ አዛዡ የሩዝ ሳህን ላይ ወደቀች። እሱም ሣቀ፤ የሚያጫውቱት መሰለው። ሁለተኛዋ ወደቀች። ከዚያ ቅርንጫፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ለቀቀ፤ ወፎቹ ወረዱ፣ ግንዱ ዱቄት ሆኖ ጥምጥማቸው ላይና ጢማቸው ላይ ተበተነ፣ በገበሩ ላይ በዛፉ ቅርጽ የላዩ ሸራ ታየ። ማንም አልሣቀም። አንድ ሰው «ድግምት ነው» አለ።

ቤጉ ወደኔ ጠቆመ። አዛዡ ግን «አሁን በአፍህ እያንዳንዱን መስመር ቆሜ አሠራሁት አላልክም?» አለው። ፍርዱ የአገሩ ፍርድ ነበር፤ ፀሐይና ድንጋይ። የካርቲካ ፀሐይ እንደ ቫይሻካው አይከፋም፣ እሱ ግን ወፍራም ነው።

በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። ዘበኞቹ የሚያውቁኝ ናቸው፣ አሳለፉኝ። ጆሮው ድረስ ጎንበስ ብዬ «ጌታዬ፣ የጎሽ ወተት ግን አልሸተተም፣ አይደል?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ፊት እንዳለኝ ያወቀው ያኔ ነው።

ውሃ ይዤ ነበር። ስለ ውሃው አትጠይቂኝ።

በማግስቱ ሞተ። እግርሽን እነካለሁ።

ታናሽሽ ቲማና

•

ፔዳና፣ የፕራባቫ ዓመት የመጨረሻ ቀን

ለወንድሜ ለቲማና፤

ይህን ሁሉ ወር ዝም ስላልኩህ ይቅርታ አልጠይቅህም። ስለ ውሃውም አልጠይቅህም።

ስለ መጨረሻው እጥበት ነገርከኝ። ደግ ያደረግኸው ዘግይተህ መንገርህ ነው። በቻይትራ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ያን ወንፊት አልልክልህም ነበር። ይህን እወቀው፤ ከወንድሜ የምደብቀው ነገር እንዲኖረኝ አልፈልግም። በሽታው የአንዷን ረዳቴን ቤት ባዶ አደረገው፤ እኔን ዘለለኝ። ሽማግሌውንም ወሰደው፤ ነገ የዓመቱን ዕጣ ማን እንደሚያነብልን አናውቅም።

የቤጉ ሞት ወሬ የደረሰኝ ቀን፣ ወቅቱ ሳይሆን፣ የዘንባባ ስኳር ገዝቼ በላሁ። ጣፈጠኝ። ይጣፍጠኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ግን ጣፈጠኝ፣ ምን ልዋሽህ። አንዱን እንጎቻ በሙሉ ቁጭ ብዬ ጨረስኩ። ጎረቤቴ ዘንድሮ ምሬቱን ጠገብሽ ወይ ብትለኝ መልስ ነበረኝ፤ አልጠየቀችኝም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስማ። ወንፊት ነው ብለህ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ይህ ሊሆን አይችልም» የሚል ነበር። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት በአዲሱ ማሰሮ ነው። ከዚያ የገዛ እጄን አየሁት። የቤጉን ማሰሮ ከመስበሬ በፊት ከላዩ አንድ ጽዋ ቀድቼ ለአዲሱ እርሾ አድርጌዋለሁ። አስቤ አይደለም። አባታችን ማሰሮ አይነጥፍም፣ ከሚያልቀው ለሚጀመረው ይጣል ብሎ ያስተማረው እጅ ነው፤ አስተማሪው ቢሞትም እጅ አይረሳም። አረንጓዴው ጨው አብሮ ተሻገረ።

የቤተ መቅደሱን ጨርቅ ከሣጥን አውጥቼ ዘረጋሁት። ወንዙ አለ፣ ሰማያዊ ነው። ጀልባው አለ፣ ቀይ ነው። አምላክም አለ፤ እሱን በሰማያዊ ሞልቼው ስለ ነበር ከነነፍሱ ተርፏል። የቀዛፊው ፊት ግን ሁሉም በጥቁር መስመር ነበር። በቪራና ፊት ላይ እጄን አሳልፌ ከወዲያ በኩል ጣቶቼን አየኋቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲሉ ስሰማ የምሥቅ ነበርኩ።

የአያታችን እርሾ በእኔ አለቀ። የቱ ንጹሕ እንደ ሆነ ስላላመንኩ ሁሉንም ማሰሮ ሰብሬ ከጎረቤት መንደር እርሾ ለምኜ አዲስ ጀመርኩ። ከዚያ አዲስ ጨርቅ ወጥሬ ቪራናን እንደገና ልስለው ተቀመጥኩ። ብርዑን አስነካሁ፤ ግንባር መጣ፣ ጉንጭ መጣ፣ ጢም መጣ፣ ጢሙም በግራ በኩል ተጠመዘዘ። ቀደድኩት። ደግሜ ጀመርኩ፣ ያው መጣ። ሦስተኛውም ያው ነው። ቤጉን ዓይኔን ጨፍኜ፣ እያንዳንዱን ፀጉሩን፣ ከአፍንጫው ሥር ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር እስለዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ አብሬው ስበላና ስተኛ የኖርኩት እሱ ነው። አሥራ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረውን ሰው ፊት ግን፣ ቲማና፣ አጣሁት።

ስለዚህ ከአንተ የምፈልገው ይቅርታህን አይደለም። አንተ ከልጅነቱ ታውቀዋለህ፤ አብራችሁ ወንዝ ወርዳችኋል፣ አብራችሁ ተገርፋችኋል። ቅንድቦቹ መሐል ላይ ይገናኙ ነበር ወይስ አይገናኙም? ሲሥቅ የምትታየው የተሸረፈችው ጥርስ በየት በኩል ነበረች? ጆሮው ከራሱ ጋር የተጣበቀ ነበር ወይስ የወጣ? ሳትጨምር፣ ሳታሳምር፣ አንድ በአንድ ጻፍልኝ። በጥላሸት ጻፈው፤ ጥላሸት ጨርቅ አይበላም።

እህትህ ኮንዳማ